ቤት ያልመታው አራተኛ ስንኝ

ይድረስ ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ ለሱዩምካን፤

እንዴት ነሽልኝ እታለም? ያ በበጋው የጻፍሽልኝ ሳል ለቀቀሽ ወይስ ብርዱን ተገን አድርጎ ተመለሰ? መዳፍሽስ? ብረቱ የላጠው ቦታ ቆዳ ያዘልሽ? እናንተ ጋ በረዶው አሁን ጉልበት ይደርሳል ይላሉ፤ እግርሽ ይሞቃል? የላክንልሽ የሱፍ ካልሲ ደርሶሽ ከሆነ ተረከዙን እዪው። እማዬ ሁለት ጊዜ ፈትታ ነው የሠራችው፤ “የልጄ ተረከዝ ጠባብ ነው፣ ፋብሪካ ስለገባች አይሰፋም” ብላ። እንቅልፍ ትተኛለሽ? ዳቦው ይበቃሻል? ጥያቄ አበዛሽብኝ ብለሽ አትቆጪኝ፤ መልስሽን ካየሁ አራት ወር አልፎኛል።

እኛ ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ብዕሩን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። በሕይወት አለን። እማዬ አለች፣ እኔም አለሁ፣ ላሚቱም አለች።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። ይህን ደብዳቤ ብቻሽን ሆነሽ እያነበብሽው ከሆነ እዚህ ላይ እጠፊውና ያቺን አልጋሽ አጠገብ የምትተኛውን ካዛክ፣ ኦሪንጉልን፣ ጥሪያት። አጠገብሽ ትቀመጥ። ደብዳቤው ስለ ወንድማችን ስለ ኤሰንቱር ነው፤ ወሬው ጥሩ አይደለም። እንዲህ ያለ ወሬ ለብቸኛ ሰው እንደማይነገር አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። ከወሬው በኋላ እዚህ የደረሰው ሁሉ ግን የደረሰው እኔ ባለማወቄ ነው።

እሷ እስክትመጣ የመንደሩን ወሬ ላጫውትሽ። ጎረቤታችን እትዬ ካንይሻ ዘንድሮም እንዳለች ናት፤ ምላሷ አላረጀም። የእርሻው ብርጌድ መሪ ጉልበቷ እያመማት ድንች ቆፍሪ ብሎ ቢልካት፣ በሰው ሁሉ ፊት “አንተን ወንድ ያሰኘህ ሱሪህ ነው፤ እሱንም ቢሆን ሚስትህ ናት የምትታጠቅልህ” አለችው። ሴቱ ሁሉ መቆፈሪያውን ጥሎ ሳቀ። እሱም ሳቀና ሄደ፤ ምን ያድርግ፣ ከመቶ ሴት መካከል ብቻውን ነው የቀረው። ትምህርት ቤታችን ሠላሳ አንድ ልጅ አለው። እርሳስ ለአራት ቆርጠን እናካፍላለን፤ ወረቀት ስለሌለ በአሮጌ ጋዜጣ መስመሮች መካከል ይጽፋሉ። ቀይ ቀለሜን የማወጣው ከቀይ ሥር ጭማቂ ነው። ሲደርቅ ቡናማ ይሆናል፤ ልጆቹ “አስተማሪ፣ ስሕተቴ ዛገ” ይሉኛል። ይህን ቀለም ልብ በይልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ኦሪንጉል መጥታለች ብዬ ልቀጥል።

ኤሰንቱር ግጥም ሲገጥም ትዝ ይልሻል? በአሥራ አንድ ቀለም ካልሆነ አይሆንለትም ነበር። ጣቶቹን አንድ በአንድ እያጠፈ ይቆጥርና አሥሩ ሲያልቁ አሥራ አንደኛውን አፍንጫው ላይ ይነካ ነበር። አፍንጫውን ከነካ ስንኙ ሞልቷል ማለት ነው። አባታችን በሕይወት እያለ “ይኼ ልጅ ዝንብ ነው የሚያባርረው ወይስ ይገጥማል?” ይለው አልነበር? ባለፈው ሚያዝያ ከግንባር በላከልኝ ደብዳቤ ላይ እንኳ እንዲህ ብሎ ነበር የጀመረው፦

ቡሩልቻ ሆይ፣ ቁጠሪልኝ ጣቶቼን፣
አሥር ሞልቶ ለአፍንጫዬ ደረሰን።

ከእጁ የመጣ የመጨረሻው ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ግንቦት ዝም፣ ሰኔ ዝም። እኛም የመንገድ ነገር ነው፣ ፖስታ ነው እያልን ቆየን።

ድርቆሽ በምናጭድበት ሰሞን ግን ፖስተኛዋ በሦስት ማዕዘን የታጠፈ ደብዳቤ አመጣችልኝ። ከቃልማት ነው። ቃልማትን አትረሺውም፤ ከኤሰንቱር ጋር በአንድ ቀን የዘመተው፣ እኔ አስተማሪ የሆንኩ ሰሞን የመጨረሻው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ረጅሙ ልጅ። ሰባት ሲደመር ስምንት ብለው ጣራውን የሚያይ። የግጥም ስንኝ ቁጠር ብለው አንድ ጊዜ ስድስት፣ አንድ ጊዜ ዘጠኝ የሚለኝ። አባቱንም ታውቂዋለሽ፤ ያ በግራጫ በቅሎ ሸለቆውን ሁሉ እየዞረ የሞት መርዶ በግጥም የሚናገረው ሰው ነበር። በልጅነታችን በቅሎው ብቅ ሲል ሴቶች በያሉበት ድርቅ ብለው ሲቆሙ አይቻለሁ። እኔ ግን በአሥራ አራት ዓመቴ ከተማ ለትምህርት ሄድኩ። ስመለስ ሰውየው ሞቶ፣ መርዶውም በጥቁር ወረቀት ከወረዳ የሚመጣ ሆኖ ጠበቀኝ። የቀድሞውን ኋላቀር ልማድ ነው እያልኩ ለልጆች ያስተማርኩት እኔው ራሴ ነኝ።

የቃልማት ደብዳቤ አጭር ናት። “አስተማሪ ቡሩልቻ፣ እኔ እጄን ቆስዬ ሆስፒታል ነኝ፣ እየዳንኩ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ለሽማግሌው ለሰይደክማት አንብቢላቸው። ከሌላ ሰው በፊት ለእሳቸው ይሁን። ቆጥሬ ነው የጻፍኩት” ይላል። ከዚያ ግጥሙ ነው። እታለም፣ አሁን ልጽፈው ነው። አንቺ የመጀመሪያውን ስንኝ ስታዪ የምታውቂው ይመስለኛል፤ የኦሪንጉልን እጅ ያዢ።

ካስማው አለ በቦታው፣
ገመድ አለ በካስማው፣
ደጁም አለ፣ መስኩም ያው፣
ዳማው የለም፣ ዳማው ሆይ።

ወንዙም አለ ከመንደር፣
ድንኳን አለ ከሰፈር፣
ኮርቻም አለ ከማገር፣
ዳማው የለም፣ ዳማው ሆይ።

እናት አለች ከጓዳው፣
እህት አለች ከሥራው፣
እኔም ቆሜ በሜዳው፣
ዳማው የለም፣ ዳማው ሆይ።

አወቅሽው አይደል? እኔ አላወቅኩትም። እኔ የተማርኩት እህትሽ፣ ስለ ስንኝ ምጣኔ የምስክር ወረቀት ያለኝ፣ አንብቤው ደስ አለኝ። ቃልማት መቁጠር ቻለ ብዬ ነው ደስ ያለኝ። ዳማው ደግሞ የኛው ዳማ ፈረስ መሰለኝ። ኤሰንቱር በዘመተ ቀን ፈረሱም ለጦሩ ተወስዶ የለ? ሁለቱም በአንድ መንገድ አይደል የወጡት? ቃልማት ከጓደኛው ጋር ተቀምጦ ፈረሱን እያነሡ አብረው የገጠሙት ነው ብዬ ደመደምኩ። ሽማግሌው ሰይደክማት ደግሞ ከበጎቹ ጋር ተራራው ላይ ናቸው፤ ብርድ ሳይገባ አይወርዱም። አንድ የፈረስ ግጥም እስከዚያ ለምን ይጠብቅ አልኩ። በማግስቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት።

ያስተማርኩትን ልንገርሽ፤ ለማንም አልተናገርኩትም፣ ላንቺ ልናገረው። ልጆቹን ጣት አስቆጠርኳቸው። እያንዳንዱ ስንኝ ሰባት ቀለም፣ አራት ላይ ትንሽ እረፍት፣ ከዚያ ሦስት። ኤሰንቱር በአሥራ አንድ ይገጥም ነበር፣ ቃልማት ግን በሰባት ገጠመ፣ ለምን ይመስላችኋል ብዬ ጠየቅኩ። መልሱንም ራሴ ሰጠሁ፦ ጦርነት እስትንፋስ ያሳጥራል፣ ወታደር በእግሩ እየተራመደ ነው የሚገጥመው፣ ሰባት የእርምጃ ልክ ነው አልኩ። ልጆቹ እየተራመዱ አሉት፤ እውነትም ለእርምጃ ገጠመ። ከዚያ ወደ ድግግሞሹ አለፍኩ። “አለ” ስንት ጊዜ አለ? ስምንት፣ “አለች” ተጨምሮ። “የለም” ስንት ጊዜ? ሦስት። ስለዚህ ያለው ከሌለው ይበልጣል፤ ገጣሚው አገሩ ሁሉ በቦታው እንዳለ እየነገረን ነው፤ እናት ያለው እናት አገርን ነው፤ ይህ የተስፋ ግጥም ነው አልኩ። በእነዚህ ሁለት እጆቼ ነው “ተስፋ” ብዬ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት።

ቤት አመታቱ ላይ ስደርስ ግን አላማረኝም። ሦስቱ ስንኝ ቤት ይመታል፣ አራተኛው ብቻውን ተለይቶ ይቀራል፤ ያውም በሦስቱም ቦታ። ይህ የገጣሚው ድክመት ነው አልኩ። ያን የቀይ ሥር ቀለም አመጣሁና በቃልማት ደብዳቤ ላይ፣ በገዛ ደብዳቤው ላይ፣ አራተኛዎቹን ስንኞች አስምሬ “ቤት አልመታም” ብዬ ጻፍኩ። ለግድግዳ ጋዜጣችን ስገለብጠው የመጨረሻውን አቃናሁት። “ዳማው የለም፣ ዳማው ሆይ” የሚለውን አውጥቼ “ዳማው መጣ ከጎራው” አልኩት። ቀለሙ ሰባት፣ ቤቱ ድፍን። በጣም ኮራሁ። ከወረዳ የመጣው ተቆጣጣሪ አይቶ “ይህን በአብዮቱ በዓል መድረክ ላይ እፈልገዋለሁ” ብሎ ሌላ ቅጂ ወሰደ።

እማዬ ግጥሙን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ከእኔ የሰማችው፣ ቃልማት እንደጻፈው፣ ሳላቃናው በፊት። ገብስ ስትቆላ ነበር። እኔ ምጣዱ አጠገብ ቁጭ ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት፤ “ቃልማት ጎበዘ፣ አይደል?” አልኳት። “አዎ፣ አባቱን መሰለ” አለችኝ። እንደዚያ ብቻ። ገብሱ አርሮ ነበር፤ በሶው ሳምንቱን ሙሉ መረረን። እማዬ ገብስ አሳርራ እንደማታውቅ ያኔ አላሰብኩም።

ከዚያ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲወጡ በደጃችን እየተራመዱ ይሉት ጀመር። አንድ ቀን ስመለስ እማዬ የካንይሻን የልጅ ልጅ፣ ትንሿን ቱርዱጉልን፣ ከፊቷ አቁማ ስታስደግማት አገኘኋት። ልጅቱ “ዳማው መጣ ከጎራው” ስትል እማዬ “አልመጣም። ‘ዳማው የለም፣ ዳማው ሆይ’ በይ” ትላታለች። ልጅቱ “አስተማሪ እንደዚህ አላለችንም” ትላለች። እማዬም “አስተማሪሽ እኔ የወለድኳት ናት፤ ድገሚ” ትላታለች። እኔ ምን አልኩ? “እማዬ፣ ልጆቹን አታሳስችብኝ እንጂ፣ ያንን እኮ አርሜዋለሁ” አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። “አረምሽው?” አለችኝ። “አዎ፣ ቤት አይመታም ነበር” አልኳት። እሷም “እሺ ልጄ” ብላ ወደ ላሟ ሄደች።

የኮርቻውም ነገር አለ። የኤሰንቱር ኮርቻ ማገሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ ፈረሱን በባዶ ጀርባው ነው የወሰዱት። በነሐሴ አንድ ቀን ስገባ ኮርቻው ፊቱን ወደ ግድግዳ፣ ጀርባውን ወደ ቤት ሆኖ ተገልብጦ አየሁት። እማዬ አቧራ ስታራግፍ ዓይኗ ደክሟት ነው ብዬ አስተካከልኩት። በሳምንቱ እንደገና ተገለበጠ። እንደገና አስተካከልኩት። አራት ጊዜ እታለም። አንዳችን ለአንዳችን አንድ ቃል ሳንተነፍስ እሷ ትገለብጣለች፣ እኔ አቃናለሁ። የሞተ ሰው ኮርቻ እንደሚገለበጥ በልጅነቴ አይቼ ነበር፤ ግን እንዴት አድርጌ እንደረሳሁት እንጃ።

ሽማግሌው ሰይደክማት ከተራራ የወረዱት በጥቅምት ነው። ቃልማት ለእሳቸው አንብቢ ያለኝ ትዝ አለኝና ከሰዓት በኋላ ወተት ይዤ ሄድኩ። ምድጃው አጠገብ እግራቸውን ዘርግተው ነበር። “አንቺ ሸንበቆ የመሰልሽ ልጅ፣ አላገባሽም ገና?” ብለው ቀለዱብኝ፤ “ባሎቹን ሁሉ ላኳቸው እኮ አባባ፣ ማንን ላግባ?” አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ አነበብኩላቸው፣ ከቃልማት ወረቀት ላይ፣ እንደተጻፈው። የመጀመሪያው አራት ስንኝ ሳያልቅ ቆባቸውን አወለቁ። እኔ ሙቀቱ ነው ብዬ ማንበቤን ቀጠልኩ።

ስጨርስ “ስንት ስንት ነው?” አሉኝ። “ሰባት ሰባት” አልኩ። “አራተኛውስ?” አሉኝ። “እሱ ቤት አይመታም፣ ስሕተት ነው” አልኩ። “ስሕተት አይደለም። አራተኛው የሚቀረው ሰው ስለቀረ ነው። የቃልማት አባት ይህን መስኮት ሳይዘጋ ነበር የሚተወው” አሉ። ከዚያ ዓይኔን እያዩ “ልጄ፣ ይህን ለስንት ሰው አነበብሽው?” አሉኝ። እኔ አሁንም አልገባኝም ነበር። ለትምህርት ቤቱ፣ ለእርሻ ማኅበሩ ሰዎች፣ ለተቆጣጣሪው ብዬ ስቆጥርላቸው እጃቸውን አነሡ። “ለእናትሽስ?” አሉ። “ለእማዬማ መጀመሪያ” አልኳቸው። ሽማግሌው ቆባቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ተነፈሱ። ልጅ እያለሁ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ያየሁት ያ በግራጫ በቅሎ የሚመጣው ሰው ሲናገር ነው።

እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላውቅም። ግን አላመንኩም። እንዴት ልመን? ጥቁር ወረቀት አልመጣም፤ እስካሁንም አልመጣም። ሽማግሌው አርጅተዋል፣ በሁሉ ነገር የድሮውን ያያሉ አልኩ። ያን አርብ ልጆቹን ለቃርሚያ ላክሁና ክፍሉን ዘግቼ ከቃልማት ወረቀት ጋር ተቀመጥኩ። መርዶ በሰባት ሰባት እንደሚነገር ትዝ ብሎኝ፣ አንድ ስሕተት ነበር የምፈልገው። አንድ ስንኝ ብቻ ስምንት ቢሆንልኝ፣ አንዱ ስድስት ቢሆንልኝ፣ አንዱ አራት ላይ ባያርፍ። የቃልማት አቆጣጠር ነው፣ ሰባቱ እንዲያው የገጠመ ነው፣ መርዶ አይደለም እል ነበር። እታለም፣ አሥራ ሁለት ስንኝ ነው። ከፀሐይ መውጫ እስከ ቀትር ጣቴን እያጠፍኩ ቆጠርኩት። ከታች ወደ ላይ ቆጠርኩት። በግራ እጅ፣ በቀኝ እጅ፣ በጠጠር ቆጠርኩት። ያ ቃልማት፣ ሰባትን ከስምንት መለየት ያቃተው፣ ስድስትና ዘጠኝ እያለ ያሳቀኝ ልጅ፣ አንድም ቦታ አልሳተም። በቆሰለ እጁ፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ፣ ስንት ጊዜ ቢቆጥረው ነው? ሰው ለፈረስ እንዲህ አይቆጥርም። ያን ጊዜ አመንኩ። ጠመኔውን ይዤ “ተስፋ” ብዬ የጻፍኩበት ሰሌዳ ፊት ቆሜ አመንኩ።

ወንድማችን የለም፣ ሱዩምካን። ኤሰንቱር የለም። በግልጽ ልጻፈው፣ እኔ እንደሆንኩ መግጠም አልችልም።

በማግስቱ ጠዋት ሰይደክማት ሦስት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። እትዬ ካንይሻም ሳትጠራ ከኋላቸው መጣች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ያለች ካንይሻ አየሁ። እማዬ ላሟን እያለበች ነበር። ሽማግሌዎቹን አየች፣ ወተቱን ከእግሯ አራቀች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። “ዘገያችሁ” አለቻቸው። ሰይደክማት ግጥሙን ጀመሩ፤ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ድምፃቸው ተሰበረ። አራተኛውን እማዬ ናት የጨረሰችላቸው።

በኋላ ሰው ሲቀንስ እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። ሁሉን ነገር እንደማትናገር ታውቂያታለሽ። “ገብሱን እየቆላሁ ሳለሁ ነው ያወቅሁት” አለች። “አንቺ ደስ ብሎሽ ነበር። ልጆቹም ሲራመዱበት ደስ ይላቸው ነበር። ደግሞም ሽማግሌ መጥቶ እስካልነገረኝ ያልተነገረኝ ሰው ነኝ አልኩ። አንድ ቀን እንኳ ቢቆይልኝ ብዬ ነው።” ቀና ብላ ማገሩን አየችና “በኮርቻው ግን አስቸገርሽኝ” አለችኝ። ሦስት ወር ሙሉ እታለም። ሦስት ወር ልጇ ከጎራው መጣ እያሉ ልጆች በደጇ ሲያልፉ ሰማች፤ ያስተማርኳቸውም እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቃት ስል አፌን በመዳፏ ዘጋችው። ሳትዘጋው ብትቀር ይሻለኝ ነበር።

ልጆቹን ላስቆማቸው ሞከርኩ፤ አልሆነም። የግድግዳውን ጋዜጣ ቀደድኩ፤ ግን አንድ ጊዜ አፋቸው ገብቷል፣ ማሳ ሲሄዱ ይሉታል፣ እንጨት ሲለቅሙ ይሉታል። ወረዳ ሄጄ ተቆጣጣሪውን ከበዓሉ ያውጡልኝ ብለው “ወረቀቱ ሳይመጣ ምን ሐዘን ነው? ግጥሙ ደግሞ ሰው ያበረታል” አለኝ። ስለዚህ በበዓሉ ቀን መድረኩ ላይ አሥር ልጆች ከካርቶን የተቆረጠ ዳማ ፈረስ ይዘው ወጡ። ቱርዱጉል መሃል ናት። “ዳማው መጣ ከጎራው” ሲሉ አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። እኔ ፊት ወንበር ላይ ነበርኩ። አጨበጨብኩ እታለም። እጄ እያጨበጨበ ጣቶቼ ሰባት ይቆጥሩ ነበር።

ቃልማት መልስ ይጠብቃል። ደብዳቤውን አውጥቼ አያለሁ፤ የኔ “ቤት አልመታም” እላዩ ላይ ዝጓል። ምን ብዬ ልጻፍለት? አስተማሪህ አንብባው አልገባትም ልበለው? የጓደኛውን ሞት በአባቱ ወግ አክብሮ ላከልኝ፣ እኔ በቀይ አረምኩለት።

አሁን እማዬ በየቀኑ፣ ላሟ ከታለበች በኋላ፣ ፊቷን ወደ ተገለበጠው ኮርቻ አዙራ ትቀመጥና ታለቅሳለች፤ እንደ ወጉ፣ በሰባት ሰባት። ከእሷ በኋላ ታላቂቱ ሴት ልጅ፣ ከዚያ ታናሺቱ ናት የምትለው። እሷ አራት ስንኝ ትልና ዝም ትላለች። መጀመሪያ ተራው የኔ መስሎኝ አፌን ስከፍት በእጇ ከለከለችኝ። “የሱዩምካን ነው” አለች። ያንቺ አራት ስንኝ የሚወስደውን ያህል ጊዜ ዝም ብላ ትጠብቃለች። የምድጃው እሳት ሲንጣጣ ይሰማል፣ ላሚቱ ስታመነዥክ ይሰማል። ከዚያ ወደኔ ትዞራለች። እኔ ምንም የለኝም። ስሞክር ጣቴ ይቆጥራል፣ ከአፌ ግን አይወጣም። እሱም ዝም ሆኖ ያልፋል። እማዬ ቀጣዩን አራት ትጀምራለች። ዕለት ዕለት እንዲህ ነው፤ ከሦስት ሴት አንዷ ብቻ ትሰማለች።

አንቺ ትችያለሽ። ልጅ እያለን አሻንጉሊታችን ወንዝ የወሰዳት ጊዜ እንኳ አንቺ ነበርሽ የገጠምሽላት። አራት ስንኝ ላኪልኝ። እኔ አነብበዋለሁ፤ ማንበቡን እችላለሁ። እንዳላርመው እምላለሁ።

ኦሪንጉልን አጥብቀሽ ሳሚልኝ፤ እህቴ ስታለቅስ አጠገቧ ስለተቀመጠች ዕዳዬ ናት በያት። አብረውሽ የሚሠሩትን ልጆች ሁሉ፣ ስማቸውን የማላውቀውንም፣ ሰላም በይልኝ። እትዬ ካንይሻ “አንጀቴን ትበላለች በያት፤ ግን እንዳትከሳ” ብላለች። ቱርዱጉል ስምሽን በጋዜጣው ጫፍ ጽፋ አብሬ እንድልከው ሰጥታኛለች፤ እነሆ። ሽማግሌው ሰይደክማት እጅ ነሥተውሻል፤ ቆባቸውን አውልቀው ነው ያሉኝ። እኔ ጉንጭሽን፣ መዳፍሽን፣ የላጠውንም ቦታ ስሜሻለሁ። ከኤሰንቱር ይል የነበረው ቦታ ይኸው ነው፤ ባዶውን ተውኩት።

እማዬ የምታስልክልሽ ቃል አንድ ነው፤ እንዳለችው ልጻፈው። “ሦስቱን ቤት አስመቺ። አራተኛውን እንዳትዘጊው።”

ታናሽ እህትሽ ቡሩልቻ

ኬንግ-ቡላክ መንደር፣ ናሪን
ኖቬምበር 14 ቀን 1943